የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲመጣ፦ ለድሬዳዋ ወርክሾፖች

ድሬዳዋ ውስጥ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ ወይም ጋራዥ ላላችሁ፣ እዚያው ተቀጥራችሁ ለምትሠሩም ነው የምጽፈው። ሳቢያን አካባቢ ባለ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ የደህንነት ኃላፊ ነኝ። የገባሁት በገንዘብ ያዥነት ነበር። የአደጋ መዝገቡን የሚይዝ ሰው ሲለቅ መዝገቡ ወደ እኔ ዞረ፣ ከዚያ ኃላፊነቱም ተከተለ። ከአስተዳደሩ የሚመጡትን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች በሩ ላይ ተቀብዬ ወርክሾፑን የማዞራቸው እኔ ነኝ።

ብዙ ባለቤቶች ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ሲባሉ ፋይል ማደራጀት ይጀምራሉ። ፋይሉ ያስፈልጋል፣ እመጣበታለሁ። ግን ተቆጣጣሪው ሠራተኛችሁን ለብቻው የማናገር ሥልጣን እንዳለው አትርሱ። ብየዳ ላይ ያለውን ልጅ ወደ ጥላ ወስዶ «ይህን ማስክ መቼ ሰጡህ?» ቢለው፣ መልሱ ከፋይላችሁ ጋር መግጠም አለበት። የሚገጥመው ደግሞ ነገሩ በእርግጥ ከተደረገ ብቻ ነው።

ምን ማድረግ ይችላል፣ ምንስ አይችልም

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለተቆጣጣሪው ሰፊ ሥልጣን ሰጥቶታል። በማንኛውም የሥራ ሰዓት፣ አስቀድሞ ሳያስታውቅ መግባት ይችላል። ስለዚህ ጥበቃችሁ «ቀጠሮ አለዎት?» ብሎ እንዳይመልሰው ዛሬውኑ ንገሩት። መታወቂያ መጠየቅ ግን ነውር አይደለም፤ ጠይቁ፣ ስሙንና የመጣበትን ሰዓት መዝግቡ። ከገባ በኋላ ሰው ለብቻው ወይም በምስክር ፊት ይጠይቃል፣ መዝገብ ያያል፣ ይገለብጣል፣ የምትጠቀሙበትን ቀለም ወይም ኬሚካል ናሙና ይወስዳል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ክፍሉንና ማሽኑን ይለካል።

እሱም የታሰረበት ነገር አለ። ያየውን የንግድ ወይም የአመራረት ምስጢር፣ ሥራውን ከለቀቀ በኋላ እንኳ፣ ማውጣት አይችልም። የራሱ ጥቅም ያለበትን ድርጅት መቆጣጠርም አይችልም። ጥቆማ የሰጠውን ሰው ለሚመለከተው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ካልሆነ ለማንም አይናገርም። ይቅርና ስሙን፣ የመጣው በጥቆማ መሆኑን እንኳ ለአሠሪው ፍንጭ መስጠት ተከልክሏል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ወርክሾፕ የሚበላሸው ተቆጣጣሪው ከሄደ በኋላ ባለው ቀን ነው። ባለቤቱ «ማን ጠቆመ?» እያለ ሲያነፈንፍ ይውላል። አንዱን ይጠረጥራል፣ ሰዓት ይቀንስበታል፣ ከዚያ ያሰናብተዋል። ቅሬታ ማቅረብ ሥራ ለማቋረጥ ሕጋዊ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል ያው አዋጅ በግልጽ ይናገራል። ከሕጉም በላይ ግን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ በዚያ ወርክሾፕ ውስጥ ከዚያ ቀን ወዲህ የተሰነጠቀ ገመድ ያየ ሰው ዝም ይላል። ያ ዝምታ ደግሞ ባለቤቱን የሚያስጨንቀው ራሱ ያንን ማሽን በሚነካበት ቀን ነው። ሠራተኛ ጥቆማ ይዞ ቢሮ እስኪሄድ መጠበቅ የለብንም፤ ቀድሞ ለእኛ እንዲነግረን ማድረግ የእኛ ፋንታ ነው።

ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ዙሩ

ራሳችሁን ለመፈተሽ ወርክሾፑን በጠዋቱ ብርድ አትዙሩ። በጠዋት ሁሉም ነገር የተጠረገ፣ ሁሉም ሰው ንቁ ነው። በግንቦት ወይም በሰኔ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል ዙሩ። መነጽር የሚወልቀው፣ ጓንት የሚጣለው፣ ቱታ እስከ ወገብ የሚወርደው ያን ጊዜ ነው። ማሽኑን የሚሠራበትን ሰው ይዛችሁ ዙሩ፤ ፎርማኑን ብቻ ይዞ መዞር ዋጋ የለውም።

መጀመሪያ ግራይንደሩ ዘንድ ሂዱ። የማንኛውም ብረታ ብረት ቤት ሁኔታ በግራይንደሩ ይታወቃል። የዲስክ መሸፈኛው ከሌለ «መልሱት» ብላችሁ አትለፉ፣ ለምን እንደወለቀ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ትልቅ ዲስክ ነው። 230 ሚሊ ሜትር የነበረው ዲስክ በትልቁ ግራይንደር ላይ እየተበላ ሲያንስ፣ እንዳይጣል ተብሎ ትንሹ ላይ ይታሰራል፤ መሸፈኛው አላስገባ ስለሚለው ይፈታል። አሁን ዲስኩን አንሱና ላዩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 230ው ዲስክ የተሠራው በደቂቃ 6,600 ገደማ ዙር እንዲችል ነው። ባለ 115 ሚሊ ሜትሩ ትንሽ ግራይንደር ደግሞ በደቂቃ 11,000 ገደማ ይዞራል። ዲስኩ ስላነሰ ጥንካሬው አልጨመረም። ሲፈነዳ ፊት ለፊት ያለው የሠራተኛው ፊትና አንገት ነው፣ መሸፈኛው ደግሞ የለም።

እዚያው ዲስክ መሃል ላይ ያለችውን የብረት ቀለበት እዩ። ጥሩ ዲስክ የሚያበቃበት ወርና ዓመት ተመትቶባታል፤ ማጣበቂያው በጊዜና በእርጥበት ይደክማል። እኛ ዘንድ ያለው ደንብ እንዲህ ነው፦ የተበላ ዲስክ እዚያው ለሁለት ይሰበራል፣ ስብርባሪው ለመጋዘን ካልተመለሰ አዲስ አይሰጥም። ይህ ደንብ የተጻፈውም የተለጠፈውም ግራይንደሩ ካለበት ግድግዳ ላይ ነው። ከማንኛውም ስብሰባ በላይ የሠራልን እሱ ነው።

መሰርሰሪያው ዘንድ ደግሞ ተቃራኒውን እዩ። በሌላው ሥራ ሁሉ ጓንት አድርጉ እንላለን፤ በሚሽከረከር መሰርሰሪያ ላይ ግን ጓንት ክልክል ነው። ጨርቁን ይይዝና እጁን ይዞ ይጠመዝዛል። ረጅም እጅጌ፣ የአንገት ሻርፕና ያልታሰረ ፀጉርም እንደዚያው።

ወተቱና ወባው

ብየዳ ላይ የሚውሉ ሰዎች ወተት ይጠጡ የሚለው ልማድ በየወርክሾፑ አለ። አንዳንድ ባለቤት የወተት በጀት ስላለው ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል። ወተት ምግብ ነው፣ ለሠራተኛ መስጠትም መልካም ነው። ግን ወተት ወደ ሆድ ነው የሚገባው፤ ጭሱ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። ጭስ የሚከላከለው ጭሱን ከአፍንጫ የሚያርቅ ነገር ብቻ ነው፦ ከተቻለ ደጅ መበየድ፣ ካልተቻለ ጭሱን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ፣ ከሁለቱም ጋር ለብየዳ ጭስ የተሠራ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ። በተለምዶ አፍንጫ ላይ የሚታሰረው ሻርፕ አቧራ ይቀንስ ይሆናል፣ የብረት ጭስ ግን አያስቆምም።

በተለይ ጋልቫናይዝድ ቱቦና ላሜራ ስትበይዱ ተጠንቀቁ። ላዩ የተለበጠበት ዚንክ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ይወጣል። ያን ጭስ የሳበ ሰው ማምሻውን አፉ ብረት ብረት ይለዋል፣ ይበርደዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያተኩሰዋል፣ ራሱን ያመዋል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቀዋል። ድሬ ላይ ይህ ሁሉ ሲታይ ማንም የሚለው «አቦ ወባ ነው፣ ካልሆነ ደንጊ ነው» ነው። ከተማችን በ2006 ዓ.ም. ደንጊ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የወባ ወረርሽኝ ያየች ስለሆነች ሰው ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጤና ጣቢያ ሄዶ መመርመር ግድ ነው፣ ጭስ ነው ብሎ መተው አደገኛ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለባለሙያው «ዛሬ ጋልቫናይዝድ ስበይድ ውያለሁ» በሉት። ምርመራው ነጻ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ በአደጋ መዝገባችን ላይ ይመዝገብ። አንድ ቡድን ውስጥ ሦስት ሰው ማክሰኞ ማምሻውን ቢንቀጠቀጥ መዝገቡ ነው የሚነግረን። ከመበየዳችሁ በፊት የመበየጃውን ቦታ ልባጥ በግራይንደር ማንሳት ጭሱን በብዙ ይቀንሰዋል፤ ያኔም ግን መሸፈኛ አድርጉ።

ጋዙን በአጭሩ። የኦክስጅን ሲሊንደር ቫልቭ በቅባት እጅ ወይም በቅባት ጨርቅ አይነካም፣ ቅባትና የታመቀ ኦክስጅን ሲገናኙ ይቀጣጠላሉ። አሲታይሊን አይጋደምም፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ ቱቦው ይወጣል። ሁለቱም ቆመው፣ በሰንሰለት ታስረው፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጡ። ማፍሰሱን በሳሙና ውሃ እዩ፤ በክብሪት የሚያይ ሰው ካላችሁ ያንኑ ቀን አስቁሙት።

ሙቀቱ

ተቆጣጣሪዎች ስለ ሙቀት ሲጠይቁ ብዙ ባለቤት «ድሬ ነው፣ ምን ይደረግ» ይላል። ብዙ ይደረጋል። ከጣሪያው ሥር፣ ከግድግዳው ጫፍ ላይ ክፍት ቦታ ካለ ትኩስ አየር ይወጣል። ከባድ ጭነት ማንሳትና ደጅ የሚሠራ ብየዳ ጠዋት ይደረጋል፣ ቀትር ላይ ጥላ ውስጥ የሚሠራ መገጣጠም ይደረጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ከሥራው ቦታ ጥቂት እርምጃ ላይ ይኑር፤ ግቢውን አቋርጦ ሄዶ የሚጠጣ ሰው በቂ አይጠጣም። ረመዳን ላይ ሙስሊም ባልደረቦቻችን ሲጾሙ ከባዱን ሥራ ማለዳ ላይ ማድረግና ቀትር ላይ ማሳረፍ የበለጠ ያስፈልጋል፤ እኛ ዘንድ ይህን የሚያወጣው የደህንነት ኮሚቴው ራሱ ነው።

አንድ ሰው ንግግሩ ከተደነባበረ፣ ሰው መለየት ካቃተው ወይም ከወደቀ፣ እረፍት የሚያሻው ድካም አይደለም። ጥላ ውስጥ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉት፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት፣ ወዲያውም ሐኪም ቤት አድርሱት። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ አታጠጡ።

ከውሃ ጋር የተያያዘ ሌላም አለ። ብረት የሚነከርበት በርሜል፣ ጓሮ የተጣለ ጎማ፣ ክዳን የሌለው ሮቶ የትንኝ መፈልፈያ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባለው የወባ ትንኝ እንዲህ ባለ የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች፣ ደንጊ የምታስተላልፈውም እንዲሁ። ክዳን አድርጉለት፣ ክዳን የማይሆንለትን በሳምንት አንድ ቀን ድፉት።

ልጆቹ

ክረምት ሲገባ የሠራተኛ ልጆች፣ የጎረቤት ልጆች «ሙያ ይልመዱ» ተብለው ይመጣሉ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ፈጽሞ ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ያለው በሕጉ ወጣት ሠራተኛ ነው፦ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትና በበዓል ቀን አይሠራም። ጤናውን የሚጎዳ ሥራም አይሰጠውም። ለትምህርት የሚመጣ የቴክኒክና ሙያ ተማሪ ካላችሁ የተቋሙ ደብዳቤ ይኑራችሁ፣ አጠገቡም የሚቆም ባለሙያ መድቡ። ክብ መጋዝ ላይ ልጅ ማቆምን በተመለከተ ግን ሕጉ ባይኖርም መልሴ አንድ ነው፦ አይሆንም።

ወረቀቱ

የአዋጁ አንቀጽ 92 አሠሪው ማድረግ ያለበትን ይዘረዝራል፤ ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ወረቀትም ከዚያው ይመነጫል። የደህንነት ተጠሪ የተመደበበት ደብዳቤ፣ የኮሚቴው አባላት ዝርዝርና ቃለ ጉባኤ፣ ስለ ሥራው አደገኝነት የተሰጠ ሥልጠና፣ የመከላከያ መሣሪያ የተረከቡበት ፊርማ፣ አዲስ ለሚቀጠሩና አደገኛ ሥራ ላይ ላሉ በአሠሪው ወጪ የተደረገ የጤና ምርመራ። የመከላከያ ርክክቡን በተመለከተ፣ ዓመት ሙሉ የሚሆን ፊርማ አንድ ቀን አታስፈርሙ። ተቆጣጣሪ አንድ ዓይነት እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች ሲያይ ይገባዋል።

ዋናው መዝገብ የአደጋ መዝገቡ ነው። በሥራ ምክንያት የደረሰ ጉዳትና በሽታ መመዝገብም፣ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር ማሳወቅም የአሠሪው ግዴታ ነው። ከእኛ መዝገብ አንድ መስመር ላሳያችሁ፦

«ማክሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡30። የቆመ መሰርሰሪያ። ጓንት አድርጎ ሲበሳ ጓንቱ ተጠመዘዘ፣ የግራ አውራ ጣት ጥፍር ተነቀለ። ጤና ጣቢያ ታከመ፣ 5 ቀን ዕረፍት። ምክንያት፦ ጓንት እንዳያደርግ የነገረው የለም። እርምጃ፦ ምልክት ማሽኑ ላይ ተለጠፈ፣ የብረቱ ማሰሪያ ተገዛ፣ ለሁሉም በጠዋት ተነገረ።»

«በሠራተኛው ቸልተኝነት» ብሎ የሚዘጋ መስመር ለማንም አይጠቅምም፤ ከእሱ በኋላ የሚለወጥ ነገር የለምና። ምንም ያልተጻፈበት መዝገብም አያኮራም። ብረት የሚቆርጥ ቤት ዓመቱን ሙሉ አንድ ጣት አልተቧጠጠም ካለ ተቆጣጣሪው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መዝገቡን ነው። ለጥቂት የተረፉበትንም ጻፉ፤ ከእግር አጠገብ የወደቀው ቱቦ ነገ እግር ላይ ይወድቃል።

የተጎዳ ሰው ካለ ክፍያውን ያያሉ። በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት የሚታከም ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል።

የመጡ ዕለት

ማሽን አታስቁሙ፣ ሰው ወደ ቤት አትስደዱ። የሚያየው ሥራ ሲሠራ ነው። ከእናንተ አንድ ሰው፣ ከሠራተኛው ኮሚቴ አንድ ሰው አብረው ይዙሩ። ከሠራተኛ ጋር ለብቻው ሲነጋገር ራቅ በሉ፤ እኔ እስከ በሩ ድረስ እሄዳለሁ፣ ልጁ ጀርባዬን እንዲያይ። እሱ የጻፈውን እናንተም ጻፉ፣ ፎቶ ያነሳውን እናንተም አንሱ። ውሃ፣ ሆጃ ማቅረብ የአገራችን ወግ ነው። ገንዘብ ማቅረብ ግን እሱንም እናንተንም ያዋርዳል፣ ግራይንደሩንም አይሸፍነውም።

ሲጨርስ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ጉድለቱ የቱ እንደሆነ በጽሑፍ፣ ማስተካከያ ጊዜውም በቀን ተቆጥሮ። «ይህን ነገር አስተካክሉ» የሚል ቃል ይዛችሁ አትቅሩ።

ከሄደ በኋላ

አሠራሩ ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጉድለቱን በተወሰነ ጊዜ እንድታስተካክሉ ይነግራችኋል። ጊዜው አልፎ ካልተስተካከለ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ እርምጃው ወዲያውኑ እንዲወሰድ ያዛል። ትእዛዙ ትክክል አይደለም ካላችሁ በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ለፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ይግባኝ ስላላችሁ ግን አጣዳፊ አደጋን ለማስወገድ የተሰጠው እርምጃ አይታገድም።

ዕቃው ከገበያ ጠፍቶ ወይም ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ ካጠራችሁ፣ ቀኑ ሳያልፍ በደብዳቤ አሳውቁ፣ ፕሮፎርማውን አያይዙ፣ እስከዚያ ምን እንዳደረጋችሁም ጻፉ። እስከዚያ ያደረጋችሁት ነገር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ማሽኑን ከኤሌክትሪክ አላቃችሁ መቆለፍ። ቁልፉ በደህንነት ኃላፊው ኪስ ይሁን።

መልስ ስትጽፉ ከእያንዳንዱ ጉድለት ሥር የተደረገውን፣ የተደረገበትን ቀንና የሠራውን ሰው አስቀምጡ። እኛ የምንጽፈው ይህን ይመስላል፦

«ተራ ቁጥር 2፤ የትንሹ ግራይንደር መሸፈኛ። መሸፈኛው ተመልሷል። የተበሉ ትልልቅ ዲስኮች ተሰብስበው ተሰብረዋል፣ መጋዘኑ በምትክ ካልሆነ እንዳይሰጥ ታዟል። በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎች ተያይዘዋል።»

አንዱን ቅጂ ለቢሮው አስገቡ፣ በሌላው ላይ የመዝገብ ቤቱን ማኅተም አስመቱና ፋይል አድርጉ። ሦስተኛውን ለኮሚቴው ስጡ፣ ሠራተኛው በሚያየው ቦታም ለጥፉት፤ ቀሪውን ቀን የሚቆጥሩት ግራይንደሩን የሚይዙት ሰዎች ናቸው።